የብረት በርና የኮልፌ አራት ወቅቶች

በማኅበሩ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር



ከውጭ አገር ተሠርተው በሚመጡ የብረት በሮች መግለጫ ላይ «ለአራቱም ወቅት የሚስማማ» የሚል ቃል ብዙ ጊዜ ተጽፎ ይገኛል። ቃሉ የተጻፈው ግን ክረምታቸው በረዶ ለሚያከማች፥ በጋቸው ለሚያቃጥል አገሮች ነው። በዚያ የበሩ ዋና ሥራ በማሞቂያ የሞቀው ቤት ሙቀቱን እንዳያጣ መጠበቅ ነው። የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠርም አራት ወቅቶች አሉት፤ መስከረም 26 ቀን መፀው፥ ታኅሣሥ 26 ቀን በጋ፥ መጋቢት 26 ቀን ጸደይ፥ ሰኔ 26 ቀን ክረምት ይገባል። የወቅቶቹ ቁጥር አንድ ቢሆንም ግብራቸው ለየቅል ነው። መግለጫው ወደ አማርኛ ሲመለስ «ክረምትን ይቋቋማል» የተባለው በር የተፈተነው በደረቅ ብርድ ሊሆን ይችላል፤ በኮልፌ ግን ክረምት ማለት ውሃ ነው።

ኮልፌ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ፥ መርካቶን በስተምሥራቅ፥ የወጨጫን ተራራ በስተምዕራብ አድርጎ የሠፈረ ነው። አጠና ተራ የሚለው የቦታ ስም እንደሚመሰክረው፥ የሠፈሩ ቤት በአመዛኙ ከባሕር ዛፍና ከጭቃ የተሠራ፥ በሩም የጣውላ ነበር። ጣውላው ለላሜራ ቦታውን የለቀቀው ቀስ በቀስ ነው። በአጎራባቹ መርካቶ፥ በምናለሽ ተራ፥ ያገለገለ በርሜልና ቁርጥራጭ ብረት እየተቀጠቀጠ ለአዲስ አገልግሎት ሲውል ኖሯል፤ ኋላም ከፋብሪካ የወጣ ላሜራ፥ ቱቦላሬና በሙያው ቋንቋ ኤልቲዜድ የሚባለው ብረት በየብየዳ ቤቱ ደጃፍ ተደረደረ። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ግንባታ በርና መስኮቱን በብዛት ከብረት አድርጎ ሥራውን ለጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት በመስጠቱ፥ የብረት በር የከተማው የተለመደ በር ለመሆን በቃ።

ገዢው ብየዳ ቤት ሲደርስ አስቀድሞ የሚያደርገው ላሜራውን በጣቱ ማንኳኳት ነው። ድምፁ ከከበደ ደስ ይለዋል፤ ከሳሳ ዋጋ ይከራከራል። ላሜራው 0.8 ሚሊ ሜትር ነው ወይስ 1.5 ሚሊ ሜትር የሚለው ጥያቄ ሌባን በማዘግየት ረገድ ትርጉም እንዳለው አይካድም። ይሁን እንጂ ያረጁ በሮችን በየመንደሩ እየዞረ ለሚመለከት ባለሙያ ሌላ ነገር ይታየዋል፤ ይኸውም የብረት በር የሚሞተው ከእግሩ መሆኑ ነው። ከወገቡ በላይ ቀለሙ ያልደበዘዘ፥ የተበየደለት የአበባና የሐረግ ጌጥም እንዳለ ያለ በር፥ ከደፉ አንድ ስንዝር ያህል ተበልቶ በጣት ሲነካ እንደ ቅርፊት ይረግፋል። ለማንኳኳቱ ድምፅና ለጌጡ የተከፈለው ገንዘብ እዚያ ስንዝር ላይ አልደረሰም።

ምክንያቱ ስውር አይደለም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ሲሆን፥ ከዚህ ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጠው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። ዝናቡ የበሩን ፊት መትቶ ቁልቁል ይፈስሳል፤ ከመሬት የሚፈናጠረው ጭቃም የታችኛውን ክፍል ያለብሰዋል። ላሜራው ከቱቦላሬው ጋር የሚያያዘው ብዙውን ጊዜ ነጥብ ነጥብ በሆነ ብየዳ ስለሆነ፥ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ቀጭን ክፍተት ውሃውን ይስባል። የገባው ውሃ በታችኛው ቱቦላሬ ውስጥ ይጠራቀማል፤ መውጫ ግን የለውም። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ፥ እየፋፋ መገጣጠሚያውን ይፈለቅቃል፤ የተፈለቀቀውም ለሚቀጥለው ክረምት የሰፋ በር ይሆናል። መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከቤቱ ደፍ ከፍ ባለበት ቦታ ደግሞ ውሃው ራሱ ወደ በሩ ይሄዳል፤ እዚያ ከበሩ በፊት መታረም ያለበት መንገዱ ነው።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ችግሩ አለቀ ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ይጠራል፤ ሌሊቱ ወደ 8 ዲግሪ ይወርዳል፤ ቀኑ ግን ከ20 ዲግሪ ይበልጣል። ብረት ሙቀትን ከእንጨት በመቶዎች በሚቆጠር እጥፍ ፈጥኖ ስለሚያስተላልፍ፥ ላሜራው ሌሊት በፍጥነት ይበርዳል። በቤቱ ውስጥ ደግሞ ወጡ ተሠርቷል፥ ቡናው ተፈልቷል፥ አምስት ስድስት ሰው ተኝቶ ይተነፍሳል። በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት የቀዘቀዘውን ብረት ሲነካ ወደ ውሃነት ይለወጣል። ባለቤቶቹ ጠዋት ተነሥተው «በሩ አልቦታል» የሚሉት ይህንን ነው፤ ቃሉም ትክክል ነው። በሁለት ላሜራ በተሠራ በር ይኸው ላብ ከዐይን ተሰውሮ በመካከሉ ባለው ባዶ ቦታ ይወርድና በዚያው በታችኛው ቱቦላሬ ያርፋል። ስለዚህ ዝናብ የማይደርስበት፥ በኮንዶሚኒየም የውስጥ ደረጃ ላይ ያለ በር እንኳ ከእግሩ ሊዝግ ይችላል።

የበጋው ፀሐይ ሥራ ሌላ ነው። ከሰዓት በኋላ አልዘጋ የሚል፥ ሲመሽ የሚታዘዝ በር ያልገጠመው የኮልፌ ነዋሪ ጥቂት ነው፤ ጥፋቱም ዘወትር በማጠፊያው ላይ ይላከካል። ሆኖም ሒሳቡ እንዲህ ነው። 2 ሜትር ቁመት ያለው ብረት በ40 ዲግሪ ቢሞቅ የሚረዝመው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህ በሩን አያጣብቅም። ነገር ግን 40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ባለሁለት ላሜራ በር የውጩ ፊት ከውስጡ በ30 ዲግሪ ቢሞቅ፥ በሩ እንደ ደጋን ጎብጦ መካከሉ እስከ 4.5 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላል። መቀርቀሪያው ቀዳዳውን የሚስተው በዚህ ጊዜ ነው። መፍትሔው ማጠፊያውን መቀጥቀጥ ሳይሆን ወደ ምዕራብ ለሚያይ በር ነጣ ያለ ቀለም መምረጥና ለመቀርቀሪያው ቀዳዳ በቂ ስፋት መስጠት ነው። ጥቁር ቀለም ለዐይን ቢያምርም፥ በዚህ ከፍታ ላይ ከማንም ቀለም ይልቅ ይግላል። ከፀሐይ የሚመጣው ቀለም አንጪ ጨረርም በየ1000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፥ ለቆላ የተለካ የቀለም ዕድሜ እዚህ አይሠራም።

ስለ ጸደይ ብዙ የሚባል የለም፤ የበልጉ ዝናብ በጋ ያሰነጠቀውን ቀለም ከክረምቱ በፊት ያጋልጣል። ቀለም ለማደስም ከበጋው መጨረሻ የተሻለ ጊዜ የለም፤ በሐምሌ በእርጥብ ብረት ላይ የተቀባ ቀለም ውሃውን ከሥሩ አሽጎ ያስቀምጠዋል።

ዚንክ የተለበጠ ላሜራ ከተራው እንደሚሻል የታወቀ ነው፤ ዚንኩ ራሱን አሳልፎ ሰጥቶ ብረቱን ያድናልና። ይሁን እንጂ ዚንክ በ907 ዲግሪ ስለሚተን ብየዳው ባለፈበት ሁሉ ልባጩ ይጠፋል። ገዢው ለልባጭ ከፍሎ፥ በጣም በሚያስፈልገው መገጣጠሚያ ላይ ራቁቱን ብረት ይቀበላል። ብየዳው በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ ዚንክ ያለበት ቀለም ካልተቀባ ልዩነቱ ከዋጋው በቀር አይታይም። ከዚህ ሥራ የሚነሣው ጭስ በያጁን ማታ ላይ ትኩሳት እንደሚያሲዘው በዚህ አጋጣሚ ሊነገር ይገባል፤ ወተት መጠጣት ጭሱን ከሳንባ አያስወጣም፤ የሚበጀው አየር በሚናፈስበት ቦታ መሥራትና ተገቢውን የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ነው። ስቱኮም ስንጥቅን ደብቆ ያሳምራል እንጂ ዝገትን አይከለክልም።

ከውጭ የሚመጣው፥ በመካከሉ ፎም የተሞላው በርስ? ፎሙ ላብን ይቀንሳል፥ የጎዳናውንም ጩኸት ያለዝባል፤ ይህ ጥቅሙ እውነት ነው። ነገር ግን ለብዙው የኮልፌ ቤት ውድ የሆነው ሙቀት ሳይሆን ደረቅነት ነው፤ ጠርዙ ካልታሸገም እርጥብ ፎም ውሃውን ከብረቱ ጋር አቅፎ ይይዘዋል። በዚያ ዋጋ ልዩነት ከበሩ በላይ 60 ሳንቲ ሜትር የወጣ ጥላና ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ደፍ ማሠራት ይቻላል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማድረግ ለሚችል ቤተሰብ ጥላውና ደፉ ይቀድማሉ።

አንድ ነገር ከወቅት ጋር ባይያያዝም ሊታለፍ አይገባውም። መስኮቶቹ በፍርግርግ በተዘጉበት ቤት በሩ ብቸኛ መውጫ ነው። ከውስጥ በጓጉንቸር ተቆልፎ ቁልፉ በትራስ ሥር የሚያድር ከሆነ፥ በጭስ በተሞላ ጨለማ ቁልፉን የሚያገኝ ሰው የለም። በሩ ከውስጥ ያለ ቁልፍ፥ በአንድ እጅ፥ በልጅ ጉልበት የሚከፈት ይሁን፤ በፀሐይ የጎበጠ መቀርቀሪያም የሚፈተነው በዚሁ መለኪያ ነው።

ታዲያ ለብየዳ ቤቱ የሚሰጠው ትእዛዝ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። የውጩ ላሜራ ከታችኛው ቱቦላሬ አልፎ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ታች ይውረድ፤ ውሃው ከጫፉ ይንጠባጠባልና። ቱቦላሬው በሥሩ 8 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሦስት ቀዳዳዎች ይኑሩት፤ ጸረ ዝገት ቀለሙም ላሜራው ከመለጠፉ በፊት በውስጥ በኩል ይቀባ፤ ከተለጠፈ በኋላ ብሩሽ አይደርስበትምና። በሩና ደፉ እንዳይነካኩ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው። ከዚያም በሩ መቃኑ ላይ ከመሰቀሉ በፊት፥ ገና በብየዳ ቤቱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ሳለ፥ አንድ ጆግ ውሃ በላሜራው መገጣጠሚያ ላይ ከላይ ይፍሰስበት። ወደ ውስጥ የገባው ውሃ በሦስቱ ቀዳዳዎች ካልወጣ፥ ቀሪው ሒሳብ ሳይከፈል በሩ እዚያው ይቆይ።