ስለ አጭር የቀልድ ፊልምና ስለ ገበሬው ሥራ፤ ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አይደለም፤ ስለ ሳቅ ነው። ምናልባት ከመካከላችሁ «ሥራው እንዲህ በዝቶብን ሳለ ይህ ሰውዬ ስለ ሳቅ ሊያወራልን መጣን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው አይፈረድበትም፤ ግን ጥቂት ይታገሠኝ።

ልጆቻችሁ ማታ ማታ ስልክ ላይ አጎንብሰው ሲሥቁ አይታችኋል። የሚያዩት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ የቀልድ ፊልም ነው። ሦስት አራት ጓደኛሞች ይሰበሰቡና አንዱ ባል አንዱ ሚስት፣ አንዱ ዳኛ አንዱ ከሳሽ ሆነው ይጫወታሉ፤ በስልካቸው ይቀርጹና በኢንተርኔት ይለቁታል። ብዙዎቻችን ይህን የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ብለን እንንቀዋለን። እኔም እንዲሁ እል ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ ነው፤ እርሱን ልንገራችሁ። የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በሕንድ አገር ቴላንጋና በሚባለው ክፍለ ግዛት ላምባዲፓሊ የምትባል የገጠር መንደር አለች። ሕዝቧ ሩዝ እያመረተ የሚኖር ነው። ስሪካንት ስሪራም የተባለ ወጣት በ2012 ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ «ማይ ቪሌጅ ሾው» በሚል ስም፣ ይኸውም «የመንደሬ ትርኢት» እንደ ማለት ነው፣ የመንደሩን ኑሮ የሚያሳይ የቀልድ ፊልም በዩቲዩብ ማውጣት ጀመረ። ተጫዋቾቹን ለመፈለግ ወደ ከተማ አልሄደም። ጎረቤቶቹን ጠራ። ከእነርሱም መካከል በኋላ እጅግ የታወቁት ወይዘሮ ጋንጋቭዋ በሰው እርሻ ላይ በቀን ሥራ ይተዳደሩ የነበሩ፣ ዕድሜያቸው ከአምሳ ያለፈ ሴት ነበሩ። ንግግራቸው የመንደር ንግግር ነው፤ ሲቈጡም እንደ መንደር እናት ይቈጣሉ። ሰው የወደዳቸው ይህንኑ አይቶ ነው። በ2020 በቋንቋቸው በሚተላለፍ ትልቅ የቴሌቪዥን ትርኢት ላይ እስከ መቅረብ ደረሱ።

የእነዚህ ጓደኛሞች አንዲት አጭር ፊልም በ2018 ዓለምን አሥቃለች። በዚያ ዓመት የካናዳው ዘፋኝ ድሬክ ባወጣው ዘፈን ምክንያት አንድ የሞኝነት ልማድ በየአገሩ ተነሥቶ ነበር፤ ሰዎች ከሚሄድ መኪና ወርደው በመኪናው ጎን እየጨፈሩ ራሳቸውን ይቀርጹ ነበር። ጉዳት ስለ ደረሰም የብዙ አገር ፖሊስ «ተዉ» ብሎ አስጠነቀቀ። በላምባዲፓሊ ግን አኒል ጊላና ፒሊ ቲሩፓቲ የተባሉት ሁለቱ ጓደኛሞች በመኪናው ፈንታ በሬዎች አቀረቡ! ጭቃው በተቦካው የሩዝ ማሳ ውስጥ ጥንዶቹ በሬዎች እየሄዱ፣ ሁለቱ ሰዎች በጎናቸው ጭቃውን እየረገጡ ጨፈሩ። በአሜሪካ ቴሌቪዥን የሚታወቀው የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ቀልደኛ ትሬቨር ኖኅ ሳይቀር አሞገሳቸው።

በዚህ ነገር ውስጥ እኔን ያስደነቀኝ ጭፈራው አይደለም። የቴላንጋና ገጠር ሰዎች አነጋገር በትልልቆቹ የቴሉጉ ፊልሞች ውስጥ ለብዙ ዘመን የሞኝ ወይም የክፉ ሰው አነጋገር ሆኖ ሲቀርብ የኖረ ነው። ይህ እኛ የማናውቀው ነገር ነውን? በከተማ በሚሠሩት ቀልዶች ገበሬው ዱላውን ይዞ፣ አፉን ከፍቶ፣ ፎቅ እየቈጠረ እንዲታይ ሲደረግ ስንት ጊዜ አይተናል! «ባላገር» የሚለው መልካም ስም እንኳ ስድብ ሆኖአል። የላምባዲፓሊ ጓደኛሞች ካሜራውን በራሳቸው እጅ ሲይዙ ግን ሳቁ ዞረ። ገበሬው የሚሣቅበት መሆኑ ቀርቶ የሚያሥቅ ሆነ።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፣ ይህ ነገር እናንተንም ይነካል። አንድ ገበሬ ቢሳሳትና በሰው ፊት ብትሥቁበት፣ በሚቀጥለው ዓመት ስሕተቱን ይሸሽጋችኋል እንጂ አይተወውም። የታመመ ማሳውን አያሳያችሁም። ከዚህ የሚመጣውን ጉዳት ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

አጭር የቀልድ ፊልም ዛሬ በስልክ የተፈጠረ እንዳይመስላችሁ ደግሞ አንድ የቆየ ታሪክ ልጨምር። ሲኒማ ገና በተወለደበት በ1895 ሉሚዬር የሚባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማች አንድ ደቂቃ የማይሞላ ፊልም ሠሩ። አንድ አትክልተኛ በጎማ አትክልት ያጠጣል። አንድ ተንኰለኛ ልጅ ከኋላው መጥቶ ጎማውን ይረግጥና ውሃውን ያቆመዋል። አትክልተኛው ምን ነካው ብሎ የጎማውን አፍ ወደ ፊቱ አዙሮ ሲመለከት ልጁ እግሩን ያነሣል። ውሃው ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል፤ ባርኔጣውም ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ልጁን አሳዶ ይዞ ይመታዋል፤ ታሪኩ ይኸው ነው። አትክልተኛውን ሆኖ የተጫወተው የቤተ ሰቡ የራሱ አትክልተኛ ነበር። በዚያው ዓመት በዲሴምበር 28 ቀን ሕዝብ በፓሪስ ገንዘብ ከፍሎ ካያቸው ፊልሞች አንዱ ይህ ነው።

አሁን ይህን አትክልተኛ በዓይነ ኅሊናችሁ ያዙልኝና ወደ እርሻችን እንመለስ። የፀረ ተባይ መድኃኒት በጀርባ መርጫ ስትረጩ የመርጫው አፍ በቆሻሻ ይደፈናል። ያን ጊዜ ምን ይደረጋል? እውነቱን እንነጋገር፤ ብዙ ሰው አፉን አስጠግቶ እፍ ይላል። ትልን የሚገድል መርዝ መሆኑን እያወቀ በከንፈሩ ይነካዋል። የ1895ቱ አትክልተኛ ያገኘው ንጹሕ ውሃ ነበር፤ ይህኛው ሰው የሚያገኘው ግን ቀልድ አይደለም።

«አፍህን አታስጠጋ» ብለን በስብሰባ ስንናገር ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ማሳው ውስጥ ሲገባ ግን ይረሳዋል። ስለዚህ ነገሩን ሦስት ጓደኛሞች በአንድ ደቂቃ ፊልም እንዲህ አድርገው ቢያሳዩትስ? ሰውየው መርጫውን አዝሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። መርጫው ይደፈናል። ይነቀንቀዋል፤ ይቈጣዋል፤ በመጨረሻ ወደ አፉ ሊያስጠጋው ሲል ሚስቱ ከዳር ሆና «ቆይ ጌታው፣ እንጀራም ላምጣልህ?» ትለዋለች። ሰውየው እጁ ባለበት ይቀራል። ቀጥሎም ጎረቤቱ ይመጣና ጓንት አድርጎ፣ የመርጫውን ግፊት አስተንፍሶ፣ አፉን ፈትቶ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ሲያጸዳው ይታያል። ሽቦ አይጠቀምም፤ ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋልና። ፊልሙ እዚህ ላይ ያልቃል።

ስትቀርጹ አንድ ነገር በብርቱ ተጠንቀቁ። ለፊልሙ የምትይዙት መርጫ መድኃኒት ፈጽሞ ያልነካው አዲስ መርጫ ይሁን፤ በውስጡም ከንጹሕ ውሃ በቀር ምንም አይግባ። እንዲህ ያለ መርጫ ካላገኛችሁ ፊልሙ ይቅር። ደግሞም የመርጫው አፍ ከንፈር ሲነካ አታሳዩ፤ ቀልዱን ረስቶ ድርጊቱን ብቻ የሚይዝ ልጅ አይጠፋም።

በ2017 ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ ተምችም ለእንዲህ ያለ ፊልም ይመቻል። በማሳው ዳር ቆሞ «በቆሎዬ አማረልኝ» እያለ ለመንገደኛ ሁሉ የሚፎክር ሰው አሳዩ፤ ተምቹ ግን መካከል ላይ በተጠቀለለው ቅጠል ውስጥ ተሸሽጎ ይበላበታል፤ ሰጋቱራ የመሰለውን ኩሱን አይታ የምትነግረው የገዛ ትንሽ ልጁ ትሁን። በሳምንት ሁለት ጊዜ ወደ ማሳው ውስጥ ገብቶ ቅጠሉን እየገለጡ ማየት እንደሚያስፈልግ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ንግግር እኔ አልችልም።

ተጫዋቹ ማን ይሁን? የራሳችሁ ቀበሌ ሰው ይሁን እንጂ ከሌላ ቦታ አታምጡ። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት በሕንድ አገር ጀምሮ ኋላም በኢትዮጵያ ገበሬዎች ራሳቸው የሚታዩባቸውን የትምህርት ፊልሞች በትንሽ ፕሮጀክተር ሲያሳይ የቆየ ነው። እዚያ በሕንድ ተመልካቾቹ አስቀድመው ይጠይቁ የነበረው ስለ ዘዴው ሳይሆን «ይህ ሰው ስሙ ማን ነው? መንደሩስ የት ነው?» እያሉ ነበር። ሰውየውን ሲያውቁት ነገሩን ያምኑታል። በተለይ የሞኙን ቦታ የሚጫወተው ሰው በሥራው የተከበረ፣ ጎበዝ ገበሬ ቢሆን መልካም ነው፤ ድኻውን ወይም አንድ ጊዜ ተሳስቶ የሚታወቀውን ሰው ለዚህ ቦታ መምረጥ ግን ነውር ነው። ሰው ሳይፈቅድ ፊቱን በኢንተርኔት መልቀቅም እንዲሁ።

ከዚህ ሥራ ገንዘብ ይገኛል ብዬ አላታልላችሁም። ኢንተርኔት በሌለበትም ፊልሙ በሜሞሪ ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል። የአንድ ስልክ ፊት ለአምስት ለስድስት ሰው ይበቃል፤ ከዕድር ስብሰባ በኋላ ወይም ቡና ሲጠጣ ማሳየት ይቻላል። ሳቁ ሲበርድ ያንኑ አዲሱን መርጫ አውጡና ከተመልካቾቹ ለአንዱ ስጡት፤ አፉን በእጁ ፈትቶ ያጽዳው፤ ሌሎቹም ተራ በተራ ይሞክሩት። ጓንቱን አትርሱ።