የእሳቱ ጠባቂ፦ ለመስታወት ሥራ የጋዝ ግፊት መቆጣጠሪያ ስለ መምረጥ

(በሮቤ ለሰበካ ጉባኤ ተወካዮችና ለካህናት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምናገረው ከጡጫ እምብዛም ስለማትበልጥ አንዲት ዕቃ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከጎባ ወደ ሳነቴ ለሚወጣው፣ ከሮቤም በጎሮ በኩል ለሙስሊም ወገኖቻችን የተከበረውን የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሊያይ ለሚወርደው እንግዳ የሚሸጥ የእጅ ሥራ፣ ለሥራ አጥ ወጣቶቻችን እንጀራ ሊሆን እንደሚችል ብዙዎቻችሁ ታስባላችሁ። ከሐሳቦቹ አንዱ የመስታወት ዘንግን በጋዝ እሳት አቅልጦ የመቁጠሪያ ዶቃና የአንገት ጌጥ መሥራት ነው።

ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን እንዲህ ባለ ዕቅድ ላይ ቶርቹ፣ ሲሊንደሩና ጠረጴዛው በየስማቸው ሲሰፍሩ፣ የግፊት መቆጣጠሪያው፣ ማለትም ሬጉሌተሩ፣ «ልዩ ልዩ» በሚለው ተራ ይጠቃለላል፤ ወይም «ከወጥ ቤቱ ይወሰዳል» ይባላል። የዛሬው ቃሌ በአጭሩ ይህ ነው፦ መቆጣጠሪያው አስቀድሞ ይመረጥ። በሲሊንደሩ ውስጥ በታመቀው ኃይልና በልጆቻችን እጅ መካከል የሚቆመው እርሱ ነውና።

በሲሊንደር ውስጥ ያለ ፕሮፔን ግፊቱ እንደ ሙቀቱ ይለዋወጣል። በ0 ዲግሪ አካባቢ 4 ባር ያህል የሆነው፣ በ30 ዲግሪ ወደ 10 ባር ይጠጋል። ስለዚህ በጎባ ብርዳማ ማለዳ የተጫነ ሲሊንደር ወደ ሶፍ ዑመር ቆላ ሲወርድ፣ በውስጡ ያለው ግፊት እጥፍ ያህል ሊሆን ይችላል። መቆጣጠሪያው ይህን ተለዋዋጭ ኃይል ተቀብሎ ለቶርቹ አንድ ዓይነት ልክ ያቀብላል። ቡቴን የሚበዛበት ጋዝ ደግሞ ወደ 0 ዲግሪ በተጠጋ ብርድ ወደ እንፋሎት መለወጡ እጅግ ይዳከማል። ያን ጊዜ ሲሊንደሩን በከሰል ወይም በእሳት ማሞቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ መፍትሔው ፕሮፔን የሚበዛበትን ጋዝ ከሻጩ ጠይቆ መግዛት ነው።

የወጥ ቤቱ መቆጣጠሪያ ለምን አይበቃም? እርሱ የተሠራው ለምድጃ ነው፤ የሚያወጣው ግፊት 0.03 ባር ያህል ሲሆን ከፍና ዝቅ አይደረግም። አነስተኛ የመስታወት ቶርች ግን ብዙውን ጊዜ ፕሮፔኑን ከ0.5 ባር በታች፣ ኦክስጅኑን ደግሞ 1 ባር አካባቢ ወይም ከዚያ ባነሰ ግፊት ይፈልጋል፤ ትክክለኛው ልክ ከቶርቹ መመሪያ ይነበባል። ለትልልቅ ምድጃዎች የሚሸጠው፣ ጌጅ የሌለው ባለ ከፍተኛ ግፊት መቆጣጠሪያም አይበጅም፤ ግፊቱ ቢስተካከልም ስንት እንደ ደረሰ አይታወቅም። ጌጅ ያለው ሲገዛም የቁጥሩ ስፋት ይታይ። እስከ 10 ባር በሚያሳይ ጌጅ 0.3 ባርን ለመለየት መሞከር ወርቅን በእህል ሚዛን እንደ መመዘን ነው።

ከብየዳ ቤት የተገኘ የአሲትሊን መቆጣጠሪያስ? የነዳጅ ጋዞች ማያያዣ ሁሉ ግራ ጥርስ ስለሆነ፣ የፕሮፔኑ ቱቦ በአሲትሊኑ መቆጣጠሪያ ላይ ሊገጥም ይችላል። መግጠሙ ግን ለመስማማቱ ምስክር አይሆንም። በመቆጣጠሪያው ላይ የተጻፈው የጋዝ ስም በሲሊንደሩ ካለው ጋዝ ጋር አንድ ይሁን።

የኦክስጅኑ መቆጣጠሪያ ለብቻው ነው። የተሞላ የኦክስጅን ሲሊንደር 150 ባርና ከዚያም በላይ ግፊት ስለሚይዝ፣ አንዱ የሲሊንደሩን ሌላው የመውጫውን ግፊት የሚያሳዩ ሁለት ጌጆች ያስፈልጉታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የጠበቀ ብሎን እንዲላላ ብሎ ዘይት፣ ቅቤ ወይም ግሪስ መቀባት በሌላ ቦታ ልማድ ነው፤ በኦክስጅን መቆጣጠሪያ ላይ ግን ቅባት ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። የሚነካውም እጅ ከቅባት የጸዳ ይሁን።

የደጋችንም ከፍታ በስሌቱ ይግባ። ሮቤ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል፣ ጎባም ከ2,700 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ያለ ኦክስጅን፣ አየር ብቻ እየሳበ የሚነድ ቶርች እሳቱ ቢጫና ጥላሸታም ሊሆን፣ መስታወቱም ሊጠቁር ይችላል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ የጋዙን ግፊት ይጨምራል፤ ይህ ግን ጥላሸቱን ያበዛዋል። የጎደለው ጋዝ ሳይሆን ኦክስጅን ነውና።

እንግዲህ ጉባኤያችሁ ግዥውን ከመፍቀዱ በፊት እነዚህን ይጠይቅ፦

1. ለእያንዳንዱ ጋዝ በስሙ የተሠራ መቆጣጠሪያ በበጀቱ ሰፍሯልን? የመውጫው ግፊትስ ከቶርቹ መመሪያ ጋር ይስማማልን?

2. እሳት በቱቦው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው መከላከያ ለሁለቱም መስመሮች ተገዝቷልን? ቱቦዎቹስ ለየጋዛቸው የተሠሩ ናቸውን? በዓለም አቀፉ ደረጃ የኦክስጅን ቱቦ ሰማያዊ፣ የፕሮፔን ብርቱካናማ ነው።

3. ሥራው የሚካሄደው የት ነው? ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ባለ ስፍራ ይጠራቀማል። ስለዚህ ምድር ቤት፣ ዕቃ ቤትና ቤተልሔም አይሆኑም፤ አየር የሚተላለፍበት፣ ከቤተ መቅደሱ የራቀ ቤት ይፈለግ። ሲሊንደሮቹም ቆመው በሰንሰለት ይታሰሩ።

4. ኃላፊው ማን ነው? የሲሊንደሩ ቫልቭ ከመከፈቱ በፊት የመቆጣጠሪያውን ማስተካከያ ብሎን የሚያላላ፣ ቫልቩን ቀስ ብሎ የሚከፍት፣ ማያያዣዎቹን በሳሙና አረፋ የሚፈትሽ፣ ማታም ሁሉን የሚዘጋ አንድ የሠለጠነ ሰው በስሙ ይመደብ። የጋዝ ፍሳሽ በጧፍ ወይም በክብሪት አይፈተሽም።

ገንዘቡ ካልበቃስ? ያን ጊዜ ከሠልጣኞቹ ቁጥር ይቀነስ እንጂ ከመቆጣጠሪያው ጥራት አይቀነስ። አራት ወጣቶችን በአንድ ጊዜ ለማሠልጠን ያቀደ አጥቢያ በሁለት ይጀምር፤ የቀሩት በሁለተኛው ዙር ይደርሳቸዋል። የተቃጠለ ዓይንና እጅ ግን ሁለተኛ ዙር የለውም። ወላጆች ልጆቻቸውን ወደዚህ ሥልጠና የሚልኩት ቤተ ክርስቲያንን አምነው ነው።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር አስተምሮናል። እኛም ተቀምጠን ስንቆጥር፣ ትንሿን ዕቃ ከመዝገቡ ግርጌ አንስተን በራሱ ላይ እንጻፋት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።