ሲኮርስኪ፦ ሠላሳ ዓመት የቆየ ሐሳብ

ዳዊት፦ ሰላም፣ ኢጎር ሲኮርስኪ ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው ሄሊኮፕተር ነው። ጅምሩ ግን አልሰመረለትም አይደል?

ሰላም፦ አልሰመረም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909 ኪየቭ ውስጥ የሠራው ሄሊኮፕተር ከመሬት አልተነሳም። የ1910ሩ ደግሞ የራሱን ክብደት ቢያነሳም ሰው መሸከም አቃተው።

ዳዊት፦ ታዲያ ተወው?

ሰላም፦ አቆየው እንጂ! ወደ አውሮፕላን ዞረና በ1913 ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን አበረረ። በዚያን ጊዜ ይህ አይሆንም የሚሉት ብዙ ነበሩ።

ዳዊት፦ ከሩሲያ አብዮት በኋላ ግን ሁሉንም ትቶ ተሰደደ። በ1919 አሜሪካ ገብቶ ሒሳብ እያስተማረ ኖረ። በ1923 ኩባንያ ሲያቋቁም 5,000 ዶላር ያዋጣለት የሙዚቃ ደራሲው ራክማኒኖፍ ነው።

ሰላም፦ በ1939 ደግሞ ቪኤስ-300 ሄሊኮፕተሩን በገመድ አስሮ ራሱ አስነሳው። ላይኛው ተሽከርካሪ ሲዞር አካሉን በተቃራኒ አቅጣጫ ሊያዞረው ይታገላል፤ ጭራው ላይ ያለው ትንሹ ተሽከርካሪ ያንን ይገታል።

ዳዊት፦ እንግዲህ ትልቁ ጥበቡ ትዕግሥቱ ነዋ።

ሰላም፦ እዚህ ላይ አልስማማም። እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላ ሲሠራ ሙያውን አበሰለ፣ ሞተሮችም ተሻሽለው ደረሱለት። ሐሳብ ስላረጀ ብቻ አይበስልም።