ደንብን ማወቅም አማና ነው
(ለየቲም ልጆች ረዳቶችና ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)





የቲም ልጆችን ቅርጫት ኳስ በማሠለጥንበት ወቅት አንዲት ታዳጊ በሒጃቧ ምክንያት ከሜዳ ተመለሰች። ዳኛው «ደንቡ አይፈቅድም» አሉ። እኔም ደንቡን ባለማወቄ ዝም አልኩ። አባት ለሌላት ልጅ በዚያች ሰዓት ተከራካሪዋ እኔ ነበርኩ።

በኋላ ደንቡን አነበብኩ። ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2017 የራስ መሸፈኛን ፈቅዷል። ፊትን እንዳይሸፍን፣ በተጫዋቾች ላይ ጉዳት እንዳያስከትል፣ በአንድ ቡድን ውስጥም ቀለሙ አንድ እንዲሆን ይደነግጋል። ይህንኑ ለዳኛው አሳየሁ፤ ልጅቷም በቀጣዩ ጨዋታ ተሰለፈች።

ለየቲም ቀለብና ልብስ መስጠት ታላቅ ምንዳ አለው። ሆኖም መብቷን አውቆ የሚቆምላት ሰውም ያስፈልጋታል።

አላህ ሥራችንን ይቀበለን።