ላቦራቶሪው «አልተገኘም» ሲል



በምግብ ስለሚተላለፈው ባክቴሪያ ስለ ሊስቴሪያ ሳወራ ደቡብ አፍሪካን መጥራቴ አይቀርም፤ እስካሁን ከተመዘገቡት የሊስቴሪያ ወረርሽኞች ትልቁ የደረሰው እዚያ ነውና። ከ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እስከ 2018 አጋማሽ ድረስ 1,060 ሰዎች መታመማቸው በላቦራቶሪ ተረጋገጠ፤ ከ200 በላይ ሞቱ። ከታማሚዎቹ ከ40 በመቶ የሚበልጡት ወር እንኳ ያልሞላቸው ጨቅላዎች ነበሩ።

ምንጩን ለማግኘት ታማሚን «ምን በልተህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ይመስላል። ሊስቴሪያ ግን ምልክት ሳያሳይ እስከ 70 ቀን ሊቆይ ይችላል። ከሁለት ወር በፊት የበላውን ማን ያስታውሳል? ያም ሆኖ ከተጠየቁት 109 ታማሚዎች 93ቱ እንዳለ የሚበላ የተቀነባበረ ሥጋ መብላታቸውን ተናገሩ። በብዛት የተጠቀሰው ፖሎኒ ነው፤ የእኛ ሞርታዴላ ቢጤ።

ፍንጩ በጥር 2018 ተገኘ። ከአንድ የሶዌቶ ሕፃናት ማቆያ ትኩሳትና ተቅማጥ ይዟቸው የመጡ ልጆችን ያዩ የክሪስ ሃኒ ባራግዋናት ሆስፒታል ሐኪሞች ሊስቴሪያን ጠረጠሩ። የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ማቆያው ድረስ ሄደው ከፍሪጁ ፖሎኒ ወሰዱ። ባክቴሪያው ከአንዱ ልጅ ሰገራም፣ ከፖሎኒውም ወጣ። ዱካው ፖሎክዋኔ ወዳለ ፋብሪካ መራ፤ የዘረመል ምርመራውም የወረርሽኙ ዝርያ እዚያ መኖሩን አረጋገጠ።

ሊስቴሪያን ምግብ ውስጥ የሚፈልገው የላቦራቶሪ ምርመራ እንዲህ ነው። 25 ግራም ምግብ ተመዝኖ 225 ሚሊ ሊትር ማበልጸጊያ ፈሳሽ ውስጥ ይገባና በ30 ዲግሪ አንድ ቀን ያህል ይቆያል። ባክቴሪያዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ጨውና ቅዝቃዜም ጎድቷቸው ይሆናል፤ ስለዚህ አስቀድሞ እንዲያገግሙ ጊዜ ይሰጣቸዋል። ቀጥሎ ጠንከር ወዳለ ፈሳሽ፣ ከዚያ ባክቴሪያ ወደሚበቅልበት የአጋር ሰሃን ይዛወራሉ። ሰሃኑ ላይ ዙሪያውን ነጣ ያለ ቀለበት የከበበው ሰማያዊ አረንጓዴ ነጥብ ከታየ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ማረጋገጫው ሲጨመር ሳምንት ይጠጋል። ፒሲአር ቀኑን ያሳጥራል እንጂ ማበልጸጉን አያስቀርም።

ታዲያ «አልተገኘም» የሚለው ውጤት የሚናገረው ስለዚያች 25 ግራም ብቻ ነው፤ ስለ ቀሪው ብዙ ቶን ዝም ይላል። ፖሎኒ ሲቀቀል ሊስቴሪያው ይሞታል፤ የሚመለሰው በኋላ፣ ሲቆረጥና ሲታሸግ ነው። መሸሸጊያው የወለል ፍሳሽ መውረጃ፣ የመቁረጫ ማሽኑ ስንጥቅ፣ የማጓጓዣው መገጣጠሚያ ነው። ፍሪጅ ውስጥም ሌሎች ባክቴሪያዎች ሲደክሙ እሱ መራባቱን ይቀጥላል።

ስለዚህ እኔ መውረጃው ላይ ሊስቴሪያን ደጋግሞ አግኝቶ ደጋግሞ የሚያጸዳ ፋብሪካን፣ አንድም ቀን አግኝቶ ከማያውቀው ይልቅ አምናለሁ። ተቆጣጣሪዎቻችንም ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ፤ ከወለል የተገኘች እያንዳንዷ ሊስቴሪያ ፋብሪካ የምታዘጋ ከሆነ፣ ናሙና ወሳጁ ጥጡን የሚያሳርፈው አሁን በታጠበው ጠረጴዛ ላይ ነው።