ድምፅ የግል፣ መጋዘን የጋራ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ምርትና ስለ ትርፍ ክፍፍል መናገር የተለመደ ነው። እኔ ግን በተፈቀደልኝ አጭር ጊዜ ስለ ምርጫ ጥቂት ለማለት እወዳለሁ። በትንሽ የገጠር ከተማ የምርጫ ነገር ከማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ አይርቅምና።

በ1997 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ምርጫ፣ ከ547ቱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ተቃዋሚዎች ከ170 በላይ አገኙ። በ2002 ዓ.ም. ከገዥው ግንባርና ከአጋሮቹ እጅ የወጡት 2 መቀመጫዎች ብቻ ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አንድም አልወጣም። ታዲያ የአርሶ አደሩ ልብ በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲህ ተገለባበጠ ማለት ነው? አይመስለኝም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የደረሰው ግጭትና እስራት ተቃዋሚዎችን አዳክሟል፤ መራጩንም አስፈርቷል። የምርጫው ሥርዓትም የራሱ ድርሻ አለው። በአንድ የምርጫ ክልል ከፍተኛ ድምፅ ያገኘው ዕጩ ወንበሩን ብቻውን ይወስዳል፤ ለሌሎቹ የተሰጠው ድምፅ፣ ብዙም ቢሆን፣ ወንበር አያስገኝም። ትንሿ ከተማም አብዛኛውን ጊዜ ከዙሪያዋ ቀበሌዎች ጋር በአንድ የምርጫ ክልል ትታቀፋለች። ስለዚህ ነጋዴው፣ መምህሩና ሥራ ፈላጊው ወጣት ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብሉም፣ የገጠሩ ድምፅ በቁጥር ይበልጣቸዋል። ከላይ የሚነበበው ውጤት የሕዝቡን ዝንባሌ ሁሉ አያሳይም የምለው ለዚህ ነው።

በሥራዬ ምክንያት ከከተማውም ከገጠሩም ሰው ጋር እውላለሁ። እንደማየው ከሆነ ዝንባሌን የሚወስነው ከፓርቲ ፕሮግራም ይልቅ የዕለት ኑሮ ነው። የከተማው ነጋዴ ስለ ግብርና ስለ ንግድ ፈቃድ ይጠይቃል። መሬት ያልደረሰው ወጣት ሥራ ይላል። አርሶ አደሩ ማዳበሪያ በሰዓቱ ደረሰ ወይ፣ ዋጋውስ ስንት ነው ይላል። ዘመድና ጎጥም ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሰው ለጥቅሙ መምረጡ ነውር የለውም።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 38 መሠረት ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ነው። ይሁንና ድምፁ በየጣቢያው ተቆጥሮ ውጤቱ እዚያው ይለጠፋል። ይህም ለግልጽነት ይጠቅማል። ነገር ግን ሁሉ በሚተዋወቅበት አገር የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ ባይታወቅም፣ የየትኛው ጎጥ ድምፅ ወደ የት እንዳዘነበለ በማግስቱ በየጠላ ቤቱ ይወራል። እንግዲህ ማዳበሪያ የሚያድለው፣ ምርጥ ዘር የሚመዘግበውና ለፓርቲ የሚቀሰቅሰው አንድ ሰው ከሆነ፣ አባሉ «ስሜ ከዝርዝሩ ይወጣ ይሆን?» ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ያ ስጋት ባዶ እንኳ ቢሆን ሁለት ነገር ያበላሻል፦ ነፃ ምርጫን እና በማኅበሩ ላይ ያለውን እምነት።

እምነት ሲጠፋ የሚሆነውን አባቶቻችን አይተዋል። በደርግ ዘመን የአምራቾች ማኅበራት መልባና ወልባ እየተባሉ በመንግሥት ግፊት ተደራጁ። ብዙው ገበሬ የራሱ ንብረት ሳይሆኑ የፖለቲካ መሣሪያ አድርጎ ተመለከታቸው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ፣ አባላቱ መሬቱንና በሬውን ተከፋፍለው አብዛኞቹን ማኅበራት በጥቂት ጊዜ ውስጥ አፈረሱ። ያ ያለ ካርድና ያለ ኮሮጆ የተሰጠ ድምፅ ነበር።

ከዚያ በኋላ የወጡት የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጆች፣ ቁጥር 147/1991 እና እሱን የተካው ቁጥር 985/2009፣ በሌላ መሠረት ላይ ቆመዋል። አባልነት በፈቃደኝነት ነው፤ ዕጣው ቢበዛም ቢያንስም አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቁት የኅብረት ሥራ መርሆዎችም አባል በፖለቲካ አመለካከቱ እንዳይለይ ያዛሉ።

ስለዚህ በዚህ በዓል ሦስት ሐሳቦችን ለጉባኤው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የግብዓት ሥርጭት ዝርዝር በመሬት ስፋትና በክፍያ ቅደም ተከተል ተሠርቶ፣ ሥርጭቱ ከመጀመሩ በፊት በመጋዘኑ በር ላይ ይለጠፍ። ቅሬታም በቁጥጥር ኮሚቴው በኩል በጽሑፍ መልስ ያግኝ።

ሁለተኛ፣ የሥራ አመራር ኮሚቴ ምርጫ እጅ በማውጣት ሳይሆን በምስጢር ይሁን፤ በመተዳደሪያ ደንባችንም ይስፈር። ጎረቤትህ፣ አበዳሪህና የክርስትና አባትህ እያዩህ የምታወጣው እጅ ያንተ ብቻ አይደለም። በዚህ በተለይ እናቶችና እኅቶች ይጠቀማሉ። ባል እጁን ሲያወጣ አጠገቡ የተቀመጠች ሚስት፣ እሷም በስሟ አባል ሆና ሳለ፣ ለብቻዋ ማሰብ ይከብዳታል።

ሦስተኛ፣ የዩኒየኑ መኪና፣ መጋዘን፣ ማኅተምና ስብሰባ ለማንኛውም ፓርቲ ቅስቀሳ አይዋል። የኮሚቴ አባል ለፓርቲ ዕጩ ሆኖ ሲቀርብ የመወዳደር መብቱ የተጠበቀ ነው፤ ምርጫው እስኪያልቅ ግን ቁልፉን ለሌላ ያስረክብ።

የተከበራችሁ የወረዳችን ኃላፊዎች፣ ይህ ለእናንተም ዕረፍት ነው። ማዳበሪያ ቢዘገይ እንኳ «በፖለቲካ ነው» የሚል ሐሜት አይነሳባችሁም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ሃምሳው ሰው በአንድ ድምፅ መስማማት የለበትም፤ ሎሚውን በእኩል መያዙ ይበቃዋል። ዩኒየናችንም በሐሳብ የተለያዩ አባላቱን በአንድ ሚዛን እየመዘነ ለልጆቻችን እንዲተላለፍ እመኛለሁ።