በፍርድ ቤት ግቢ ስለ ቆመው ወታደር

ልጆች ሆይ! ዛሬ የምነግራችሁ በአሜሪካ አገር፥ በጆርጂያ ግዛት፥ ናሽቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ስለ ቆመ ሐውልት ነው። ይህች ናሽቪል በቴነሲ ያለችው ታላቂቱ ከተማ አይደለችም፤ ስማቸው ብቻ አንድ ነው። የቤሪየን አውራጃ መቀመጫ ስለ ኾነች ፍርድ ቤቱ በመካከልዋ ይገኛል፤ ሐውልቱም የባለጉዳይና የገበያተኛ ዓይን በሚያርፍበት በዚያ ስፍራ ነው።

የቆመው እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. ነው። ምስሉ የብረት ቆብ የደፋ ወታደር ኾኖ፥ በግራ እጁ ጠመንጃ ይዞ፥ በቀኙ የእጅ ቦምብ አንሥቶ፥ በእሾሃማ ሽቦ መካከል ይራመዳል። ሠሪው ቪኬስኒ የሚባል ቀራፂ ይህንኑ ምስል ከስስ ቆርቆሮ በቅርጽ እያስመታ ያባዛው ስለ ነበር ዋጋው ለትንንሽ ከተሞች የሚቻል ኾነ። ስለዚህም ከመቶ በሚበልጡ ስፍራዎች ይኸው አንድ ፊት ቆሞ ይታያል። የናሽቪል የሚያሰኘው ግን ከእግሩ በታች የተጻፈው ስም ነው። እኔም መዝገብ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝና ልቤ ከምስሉ ይልቅ ወደ ስሞቹ ያዘነብላል።

ከነዚህ ስሞች ብዙዎቹ ጦር ሜዳ ያልደረሱ ሰዎች ናቸው። በ1918 ዓ.ም. ኦክቶበር 6 ቀን ኦትራንቶ የምትባል መርከብ 700 ያህል የአሜሪካ ወታደሮች ጭና ወደ አውሮፓ ስትሄድ፥ በስኮትላንድ አጠገብ በአይላ ደሴት ፊት ማዕበል ተነሣ። አብራት ትጓዝ የነበረችው ካሽሚር የምትባል መርከብ ጎኗን መታቻት። ማውንሲ የተባለች አነስተኛ የጦር መርከብ በዚያ ሞገድ ተጠግታ፥ ወታደሮቹ ከኦትራንቶ ወደ እርስዋ እየዘለሉ ወደ 600 የሚጠጋ ሰው ዳነ። ዝላዩ ያልተሳካለት ግን በሁለቱ መርከቦች መካከል ወደቀ። በኋላም ኦትራንቶ ከዓለት ላይ ተሰበረች፤ የሞቱት ከ400 ይበልጣሉ። ጦርነቱ ሊያበቃ የቀረው 36 ቀን ብቻ ነበር።

እንግዲህ ቦምብ የሚወረውረው ምስል፥ ቦምብ ሳይወረውሩ በሰጠሙት ልጆች ስም ላይ ቆሟል። ይህን የሚነቅፍ አይጠፋም፤ እኔ ግን አልነቅፍም። ሀብታም ያልኾነ አውራጃ የሚችለውን ምስል ገዛ፤ እውነቱንም በስም አስጻፈ። በአይላ ደሴት ገደል ላይ ደግሞ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ያሠራው የድንጋይ ግንብ አለ፤ እርሱ ወደ ባሕሩ ይመለከታል።